የማይደርቀው ክላርኔት

ከዞርኩት አገርና ካነበብኩት መጽሐፍ ብዙውን ረስቼዋለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ሰዓት ጠጋኙ አዝመራው ራሱ ዓይኑን ከዓይኔ ሳይነቅል ነግሮኛል።

ዳንግላ ነው። ኅዳር ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ጨለማ አልነበረም... ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የአዝመራውን ጠረጴዛ አሙቃዋለች።

ጠረጴዛው ላይ የሟች ታናሽ ወንድሙ የሽባባው ክላርኔት ተቀምጧል።

ሽባባው በትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ይህን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋ ነበር። ሳል ያዘው። እናቱ እታለማሁ ለደረቱ ይበጀዋል ብላ ጠዋት ጠዋት ብርዝ ታጠጣዋለች፤ እሱም ከንፈሩን እንኳ ሳይጠርግ ክላርኔቱን ያነሳል። ማሩ ከትንፋሹ ጋር እየወረደ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑትን የቆዳ ክዳኖች አጣበቃቸው።

"ጋሼ፣ ክዳኖቹን አላቅቅልኝ። ድምፁ ታፈነብኝ" ብሎ ለምኖት ነበር።

"ነገ" አለው አዝመራው። የሰው ሰዓት ፈትቶ ነበር።

በማግስቱ ሽባባው አልነቃም።

አሁን አርባው ወጥቷል። ክላርኔቱ የትምህርት ቤቱ ነውና የጓዱ መሪ መምህር ደሴ ነገ ጠዋት ሊወስዱት ነው። አዝመራው ያሳደረውን ልመና የሚፈጽምባት ያቺ ከሰዓት ብቻ ቀርታለች።

ከአንዱ ክዳን ሥር እርጥበት የሚመጥ ስስ የሲጋራ ወረቀት አስገባ። ክዳኑን በጣቱ ተጫነው። ወረቀቱን ቀስ ብሎ ሳበ።

ረጥቦ ወጣ።

አርባ ቀን ሣጥን ውስጥ የተቆለፈ ዕቃ...

በነጭ ጨርቅ ጠረገው። በሌላ ወረቀት ደገመው። እሱም ረጠበ። ሦስተኛውን ወረቀት ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

ማር ሸተተው። የሰነበተ ማር አይደለም... የዛሬ።

"እማ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሣጥኑን ከፍተሽዋል?"

"ቁልፉ አንተ ዘንድ አይደል?" አለች እናቱ ከጓዳ ብቅ ብላ።

"ብርዝስ?"

ወደ ጓዳ ልትመለስ ዞረች።

"እማ።"

"እንዳትቆጣኝ። እንደ ልማዴ በኩባያ ሞልቼ ከሣጥኑ አጠገብ አስቀምጥለታለሁ። ልተወው ብል እጄ እንቢ አለኝ..."

"ማን ይጠጣዋል?"

"ተመልሼ ሳየው ባዶ ነው። አንተ የምትጠጣው መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

"እኔ ከቀብሩ ወዲህ ማር አልቀመስኩም።"

ሁለቱም ሣጥኑ ወዳለበት መደርደሪያ ዞሩ። ኩባያው ባዶ ነው። በጠርዙ ላይ አንዲት ጠብታ ገና እየወረደች ነበር።

እታለማሁ የልጇን ክንድ ያዘች።

"አታድርቀው። ከደረቀ ይሄድብኛል።"

አዝመራው እጇን በቀስታ ከክንዱ አነሳ።

"የለመነኝ ይህንኑ ነው እኮ፣ እማ።"

ክላርኔቱ ላይ አጎንብሶ አንሾካሾከ።

"ሽባባው... ይኸው፣ ዛሬ እሠራልሃለሁ። አንተም ብርዝ ጠጥተህ አትንፋበት።"

ወረቀት አስገባ። ተጫነ። ሳበ።

ደረቅ ነው።

እስኪመሽ ድረስ ክዳኖቹን አንድ በአንድ አጸዳቸው። ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረው። እናቱ ግን ከመተኛቷ በፊት ኩባያውን እንደገና ሞልታ ከሣጥኑ አጠገብ አኖረችው።

ጠዋት መምህር ደሴ የመጡበትን ጋሪ ደጅ አስቁመው ገቡ፤ ብርድ ነበርና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። አዝመራው ሣጥኑን ከፈተላቸው። መምህሩ የክላርኔቱን መንፊያ ሲነኩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ማን ነፋበት?"

"ማንም፣ መምህር።"

"ይሞቃል እኮ..."

አዝመራው ወደ እናቱ ዞረ። እታለማሁ ግን እነሱን አትሰማም። ኩባያውን ታያለች።

ሙሉ ነው። ጠብታ አልጎደለም።

የብርዙ ገጽ ግን ይርገበገባል... ይረጋል... ይርገበገባል... አንድ ሰው ከላዩ አጎንብሶ፣ ሳይጠጣ የሚተነፍስበት ይመስል።