አይሰበርም

«እስኪ ክፈቺው» አለቻት አክስቷ፣ በርጩማውን የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ገልብጣ።

«በርጩማ ደግሞ ይከፈታል እንዴ? ሣጥን መሰለሽ?»

«እግሩን ንቀይልኝ ማለቴ ነው፣ ጥድፊያ።»

ቤተሰቡ ሁሉ «ጥድፊያ» ነው የሚላት፤ የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ ሳትቋጥር ከቤት የምትወጣ ልጅ ነች። በርጩማውንም የሠራችው እንደዚያው ነው። ነገ ጠዋት የዲዛይን መምህሯ ከተማሪዎቹ ሥራ አንዱን ይመርጣል፤ የተመረጠው ለሕፃናት ክፍል ይገባል። ትንሹ ወንድሟ የሚማረው እዚያ ነው። «እህቴ የሠራችው ላይ ልቀመጥ ነው!» እያለ ላገኘው ሰው ሁሉ ማውራት ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል።

ያምራል ደግሞ። መቀመጫው ከተጣለ ዴስክ የተገኘ ጣውላ ነው፤ ሦስቱ እግሮች ቀርከሃ። ግን ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደረጃው ላይ አመለጣትና አንደኛው እግር ፀጉር በምታክል መስመር ተሰነጠቀ። ጓደኛዋ ግራ ቀኝ አየችና፣ «ቡናማ ቀለም ለቅለቅ አድርጊና ዝም በይ። ማን ያያል? አታካብጂ!» አለቻት።

እሷ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የተሰበረ ዕቃ ስትጠግን ወደኖረችው አክስቷ መጣች።

ጥድፊያ እግሩን ሳበችው። ጠመዘዘችው። ንቅንቅ አላለም።

«በምንድን ነው ያጣበቅሽው?»

«በዚያ... በአምስት ደቂቃ በሚደርቀው።»

«አይ የኔ ልጅ! አሁን አንድ እግር ልቀይር ብል መቀመጫው አብሮ ሊሰበር ነው።» አክስቷ በርጩማው ሥር የተለጠፈችውን ወረቀት አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

የመምህሩ ቅጽ ነው። «ዕቃው ከየት መጣ?» ለሚለው ጥያቄ ጥድፊያ አራት መስመር ሞልታለች። «ሲሰበር ምን ይሆናል?» ለሚለው ግን አንድ ቃል ብቻ፦ «አይሰበርም»።

አክስቷ ጮክ ብላ አነበበችውና ሳቋ አመለጣት። ጥድፊያም ልትቆጣ ብላ ሳቀች። ከዚያ ወንድሟ ታወሳት፤ ተቀምጦ እንኳ መወዛወዝ የማይተው ልጅ ነው። ሳቋ ቆመ።

«ቀለም መደርደሪያው ላይ አለልሽ» አለች አክስቷ፣ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች። «መጋዙ ደግሞ ከበሩ ጀርባ።»

ጥድፊያ የቀለሙን ቆርቆሮ አየችው። ከዚያ ወደ በሩ ሄዳ መጋዙን አነሣች።

«አክስቴ፣ ከተቆረጠ እኮ ያጥራል።»

«ሕፃናቱ መች ረጃጅም ናቸው?»

ሦስቱንም እግሮች ከመቀመጫው ሥር ቆረጠቻቸው። ማጣበቂያ የያዘውን ጉቶ ከቀዳዳዎቹ ፍቃ ስታወጣ ጣቶቿ ተላጡ። ሁለቱ ደህና እግሮች ተመልሰው ገቡ፤ ለተሰነጠቀው ምትክ አክስቷ ከአሮጌ ወንበር የተረፈ ጠቆር ያለ እንጨት ሰጠቻት። አሁን እያንዳንዱን እግር የሚይዘው ከጎን የምትገባ ትንሽ የእንጨት ችንካር ናት።

«አንዱ እግር ጥቁር ሆነ እኮ! ይስቁብኛል።»

«ይሳቁ። መጀመሪያ ግን ተቀመጪበት።»

ተቀመጠች። ተወዛወዘችበትም፣ ልክ እንደ ወንድሟ። ከዚያ ተነሥታ ችንካሯን ነቀለች፤ እግሩ እጇ ላይ ወጣ። መልሳ ከተተችው። ደስ ስላላት አንዴ ደገመችው።

ፀሐይ ገና ከመስኮቱ አልወረደችም። ላጲሷን አውጥታ ያቺን አንድ ቃል አጠፋችና፣ ሳትቸኩል ጻፈች፦

«እግሩ ወጥቶ ሌላ ይገባል። ጥቁሩ እግር የተተካ ነው፤ የመጀመሪያውን እኔ ሰብሬዋለሁ።»