የአመለወርቅ ጉትቻ

በታች አምባ ሴት ጉትቻ የምታደርገው ለጌጥ አይደለም። ጉትቻው ሌሊት የጆሮዋን ሙቀትና የደም ትርታዋን እያዳመጠ፣ እንቁላል የምትለቅበትን ቀን አስቀድሞ ያውቃል፤ መርፌ የለ፣ ደም መቅዳት የለ። ቀኑ ሲቃረብ በአረንጓዴ ይበራል። ያን ጊዜ የከርሰ ምድሯ ከተማ ጉትቻው በስሟ ለተመዘገበላት ሴት ተጨማሪ ስንቅ ትሰፍርላታለች። ድርቁ ሰው ከጨረሰ ወዲህ ከተማዋ የምትቀልበው ገና ሊወለድ የሚችለውን ነው፤ የተወለደው እንደምንም ይኖራል።

የጥገና ባለሙያዋ ስንዱ መብራት ያቆመውን የአመለወርቅን ጉትቻ ፈታ ገጠመችው። ምንም ብልሽት የለበትም። ለሙከራ የራሷን አውልቃ በእሱ ተኛች፤ ጠዋት አረንጓዴው ቦግ አለ።

"እትዬ፣ ጉትቻውስ ደህና ነው" አለቻት ልትመልስላት ስትሄድ። የአመለወርቅ ጉንጭ ሰርጉዷል። "ለመሆኑ እህል ትቀምሻለሽ?"

"ልጆቹ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ እንዴት ይወርድልኛል? ስንዱዬ፣ በናትሽ አንድ ነገር በይኝ። ደርቃለች ካሉ ያለችኝንም ድርሻ ይቀንሷታል። ልጆቼን በምን ላሳድር?"

ስንዱ አዘነች፤ ተናደደችም። ተበላሽቷል ብትል አዲስ ይሰጧታል፣ አዲሱም አይበራም። የቀረው መንገድ የአመለወርቅን ጉትቻ ራሷ ማድረግ ነበር። ሁለት ጉትቻ አድርጎ መገኘት ደግሞ ያሳስራል፤ ስለዚህ የራሷ ጉትቻ መሳቢያ ውስጥ ጨልሞ ሊቀር ነው። ጉትቻዋ የጨለመባት ሴት የመውለድ ፈቃድ አታገኝም። ስንዱ ልጅ እንዳማራት ስትጠብቅ ኖራ ተራዋ ገና መድረሱ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ ብትል ማንም አይፈርድባትም።

የአመለወርቅን ጉትቻ አደረገችው።

የአመለወርቅ ልጆች ፊት ወዝ አወጣ። እናትየዋ ተጨማሪውንም ስንቅ ለእነሱ እያጎረሰች እንደከሳች ቀረች። የስንዱ ድርሻም ተቀነሰ፤ ቀበቶዋን እያጠበቀች ሥራዋን ቀጠለች። ወራት አለፉ። ከዚያ ጉትቻው መብራት ተወ።

ስንዱ ጠረጴዛዋ ላይ ፈታችው። በዕድሜዋ ብልሽት ለማግኘት እንዲህ ጓጉታ አታውቅም። ሽቦውን አየች፣ ባትሪውን ለካች፣ መልሳ ገጠመችው። ያኔ ገባት፤ ለካ የተራበ ገላ እንቁላል አይለቅም። እነዚህ ጉትቻዎች ይህን ሁሉ ጊዜ ረሃቡን ሲናገሩ ነው የከረሙት። ከተማዋ ግን ሴቶቹ መድረቃቸውን እንጂ መራባቸውን አልሰማችም።

አመለወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ተበላሸ እንዴ?"

"የለም እትዬ" አለች ስንዱ። "ጉትቻው ደህና ነው።"