የአዞ ልጅ፣ የእርኩም ምላስ

«ኒያሌ የአዞ ዘር አይደለችም። ከወንዝ ዳር የተለቀመች ናት።»

የእርኩም ጎሳዋ አሮጊት ፋንዲማ ይህን ወሬ እህል ስትወቅጥም፣ ውሃ ስትቀዳም፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣም ሳይቀር ትደጋግመው ነበር። ኒያሌ ከወሬው ጋር አብራ አደገች። በሶራንኬ መንግሥት ሰው የጎሳውን እንስሳ አይገድልም፤ እንስሳውም ዘመዱን አይነካም። ጎሳ የሌለው ሰው ግን ስሙ በከበሮ አይጠራም።

የጉም መናፍስት የዝናቡን ከበሮ ሰርቀው፣ አዞዎች በሚጠብቁት በላምቡ ሐይቅ ደሴት ላይ ሰቀሉት። ሰማዩ እንደ አመድ ነጣ፤ ሕፃናት ዝናብን የሚያዩት በህልማቸው ብቻ ሆነ። ንጉሡ «ከአዞ ልጆች ማን ይዋኛል?» ሲሉ የጎሳው ጎበዛዝት መሬት መሬቱን አዩ። ኒያሌ ተነሣች።

«በሞተችው እናቴ አጥንት እምላለሁ፤ ከበሮውን አመጣለሁ። አዞዎቹ ዘመድነቴን ካወቁ እማማ ፋንዲማ ሌላ ወሬ ይፈልጉ።»

የፋንዲማ የእህት ልጅ ቤምባ ጦሩን ይዞ ተከተላት። በጉሙ ውስጥ ዓሦች እንደ ወፍ ይበርሩ ነበር፤ ዛፎቹ በእንቅልፍ ልባቸው ያወራሉ።

«አንቺ ጭቃ ለባሽ፣ ፍጠኚ እንጂ።»

«አንተ አንበጣ ለቃሚ፣ ያ ሁሉ ቅልጥም ተሰጥቶህ ልትሸከመኝ አትችልም?»

አዞና እርኩም የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ቢሰድብ መቀየም ነውር ነው። እየተሰዳደቡ፣ እየሳቁ ሐይቁ ዳር ደረሱ።

አዞዎቹ እንደ ወደቀ ግንድ ተጋድመዋል። ኒያሌ ውሃው ውስጥ ያስገባችውን እግር መልሳ አወጣች።

«ቤምባ፣ ወሬው እውነት ቢሆንስ?»

ቤምባ አዞዎቹን ቆጠረ። ከዚያ፣ «አክስቴ ይህን ሁሉ ዘመን በከንቱ የምትደጋግመው አይመስለኝም» አለ። «እኔ በግራ ልግባ። ወደ እኔ ሲዞሩ አንቺ በቀኝ ዋኚ።»

«አታደርገውም።»

«የቀልድ ዘመድ ለምኖ እምቢ አይባልም፤ ረሳሽው?»

ውሃውን በጦሩ እየመታ ገባ። ግንዶቹ ሁሉ ዞሩ። የቤምባ ጩኸት ተቋረጠ፤ ኒያሌ ወደ ኋላ ሳታይ ዋኘች። ከሆዷ ሥር አንድ ግዙፍ አዞ ብቅ አለ፤ በሻካራ ጀርባው ቀስ አድርጎ አሻሻትና አለፈ። «ጠግቦ ነው» ብላ አሰበች፤ እየዋኘች አለቀሰች።

ከበሮውን ስትመታው ሰማዩ ተተረተረ፤ ላምቡ ላይ ዝናብ ወረደ።

ንጉሡ በአደባባይ ስሟን በከበሮ አስጠሩ፦ ኒያሌ፣ የአዞ ልጅ። ሕዝቡ በጭቃ ውስጥ ጨፈረ። ፋንዲማ ኒያሌ ከሐይቁ ያመጣችላትን የሟቹን የቤምባን ጦር እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በጭፈራው መሀል አልፋ መጣች።

«ስትወለጂ በእጄ የተቀበልኩሽ እኔ ነኝ» አለች፣ ድምፅዋ ከዝናቡ በታች ሆኖ። «እናትሽ ከምጥ ተገላግላ ደክማ ሳለች፣ እንደ ወጋችን፣ 'ይህችማ ምኗም አዞ አይመስል፤ ከወንዝ ዳር ለቅመሻት ነው' ብዬ ቀለድኩባት። ሳቀች። ስለሳቀች ደገምኩት።»