እግሯን ማን ይያዝ

ሽቦ ወታደር እሆናለሁ ያለችኝ ዕለት የታጠበ አንሶላ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ደንግጬ ያጠፍኩትን መልሼ ፈታሁት። ሽቦ ያላት ሰፈሩ ነው፣ ስለ ቅጥነቷ። የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሥራዋ ሌላ ከተማ ስለሆነ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እማዬ የምትለውም እኔን ነው።

ዳቦ ገዝቼ ልምጣ እንደምትል ሁሉ ነበር የተናገረችው። የአካል ብቃት ፈተናው ደግሞ ሊደርስ ነው አለች። ሩጫው አላስጨነቃትም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ሱቅ እንኳ ተራምዳ ሄዳ አታውቅም። ያስቸገራት ብረት ላይ ተንጠልጥሎ አገጭን ከብረቱ በላይ ማድረስ ነው። ልጅ ሳለች ከአጥር ላይ ወድቃ ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ድኗል ብሏል። ሐኪሙ ግን ስትንጠለጠል ከሥሯ ቆሞ አያያትም፤ የማያት እኔ ነኝ።

ከቤታችን ፊት ለፊት ብየዳ ቤት አለ። ሽቦ ሄዳ የወጥ ቤታችን በር መቃን ላይ ብረት እንዲገጥምላት በያጁን አዘዘችው። ሜትሩን ይዞ መጣ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ መርሳት የሚወድ ልጅ ነው። እጅሽን ወደ ላይ ዘርጊ አላት፤ ዘረጋች። ሜትሩን ማየት ሲገባው እሷን አየና ሜትሩ ተስፈንጥሮ ተመልሶ ጣቱን መታው። እኔ አየሁ። እሷም አየች። ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ ዝም አሉ። እንዲህ ያለውን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ መጨረሻው ሠርግ ነው።

ሽቦ ዘወር ስትል ከፍ አድርገህ ግጠመው፣ እንዳትደርስበት ብዬ ለመንኩት። ክንዷ በሚደርስበት ልክ እንደሚገጥመው በትሕትና ነገረኝና እንዳለውም አደረገ። እኔ ደግሞ የታጠበ ልብስ ሁሉ ብረቱ ላይ አሰጣ ጀመር። በሳምንቱ ሁለት ቋሚ ብረትና ገመድ ተሸክሞ መጣና ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫ ተከለልኝ።

«ማን አዘዘህ?» አልኩት።

«እዚህ ፀሐይ ያገኛል ብዬ ነው፣ እማማ» አለ።

ልብሱ እውነትም ቶሎ ደረቀ።

ሽቦ ግን ብረቱን ጨብጣ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥላ ከመቅረት በቀር ምንም አልሆነላትም። በያጁ አይቶ አይቶ፣ ክንዷ እስኪለምድ ድረስ ሰው ከሥር እግሯን ይዞ በጥቂቱ ቢያነሳት ጥሩ ነው አለና ሊንበረከክ እጅጌውን ሰበሰበ።

«እኔ እያለሁ እግሯን ማን ይያዝ?» አልኩና ትራስ አምጥቼ እኔው ተንበረከክሁ።

ከዚያ በኋላ እሱ ብየዳ ቤቱን በዘጋ ቁጥር ይኸው ሆነ ሥራችን። እሷ ከላይ፣ እኔ ከታች፣ እሱ ከፊቷ ቆሞ ክርንሽን ወደ ጎንሽ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ ይላል። ፍቅራቸው ያለፈው በእኔ ጭንቅላት ላይ ነው ብል ውሸት የለውም።

«ይሄ ብረት ጠማማ ነው» ትለዋለች።

«ብረቱስ ደህና ነው፤ ጠማማዋ የተንጠለጠለችው ናት።»

«አንተ ራስህ ትችላለህ?»

«እኔን ማን ይፈትነኛል?»

ሲስቁ እግሯ መዳፌ ላይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ያቺን የተሰበረች እጅ ነው የማስበው።

አንድ ቀን ግን እግሯ ቀለለኝ። እያደርም ባሰ፤ መዳፌ ላይ ወፍ ያረፈች እስኪመስለኝ ድረስ። ራሷን ራሷ እየሳበች ነበር፤ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት። እኔ ጭብጤን አጠበቅሁ። ካለፈች ትሄዳለቻ።

አንድ ማታ በያጁ አጎንብሶ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከ። «እማማ፣ ይልቀቋት።»

«ትወድቃለች።»

«አትወድቅም። እርስዎም ያውቃሉ።»

ቀና ብዬ አየሁት። የበያጅ ዓይን ሁሌም ቀይ ነው ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ብየዳ ሳይነካ ነው የቀላው።

«ከሄደች አንተስ ምን ይውጥሃል?»

«እጠብቃታለሁ። እግሯን ይዘን ከምናስቀራት ጠብቄ ባጣት ይሻለኛል።»

«እጄ ሊገነጠል ነው እኮ፣ ምን ታወራላችሁ?» አለች ከላይ።

ለቀቅኋት። አንዴ ተወዛወዘች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ወጣች፤ አገጯ ከብረቱ በላይ ሆነ። ግራ እጇ አልተንቀጠቀጠም። እዚያ ላይ ሆና የእኔን ባዶ እጅ አየች፣ ከዚያ እሱን አየች።

ፈተናውን አለፈች። ለሥልጠና የሄደች ዕለት ሻንጣዋን በያጁ ተሸክሞላት መኪናው ድረስ ሸኘናት፤ አፉን ይከፍታል ብዬ ስጠብቅ የሻንጣውን ዚፕ ይነካካል። የተናገረችው እሷ ናት።

«እማዬ ብረቱ ላይ ልብስ እንዳትሰቅል ጠብቅልኝ» አለችው።

ጠበቀ። ሥራውን ሲጨርስ ብሎኑ ላልቶ እንደሆነ ልይ ብሎ ይገባል። ብሎን በየቀኑ አይላላም፤ ቢሆንም ተቀመጥ እለዋለሁ። ይበርዳት ይሆን፣ ጫማው ይጎዳት ይሆን ስለው ሳይሰለች ይሰማኛል፤ እሱም ስለዚያው ያስብ ነበርና።

ሥልጠናውን ጨርሳ ስትመለስ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ የደንብ ልብሱ ልክ ሆኖላት ገባች። ሰፈሩ ሽቦ ብሎ ሊጠራት አፈረ። በማግስቱ በያጁ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ ከእሷ ጋር ሊጋቡ ተማክረው መጨረሳቸውን፣ የቀረው የእኔ ፈቃድ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው፤ እርግጥ ጠልቼውስ አላውቅም።

«ልጄ ተፈትና ነው ያለፈችው» አልኩት። «አንተ ደግሞ ማን ይፈትነኛል ብለህ ነበር። በል፣ ብረቱ ያው።»

ሳቀና ዘለለ። ቀኑን ሙሉ ብረት የሚያነሳ ክንድ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ተይዞ ቀረ። ጆሮው ቀላ።

«እግሩን ማን ይያዝ?» አልኩ። «የእኔ ጉልበት እንደሆነ አርጅቷል።»

መልስ ሳይመጣ እሷ ከነደንብ ልብሷ ተንበርክካ ነበር። ከፍ አደረገችው፤ አገጩ ብረቱን አለፈ።

«በቃ፣ አልፏል። ልቀቂው» አልኳት።

ጉንጯን ጉልበቱ ላይ አስደግፋ «አልለቀውም» አለች።

እሱም አልወርድም አለ። ሁለቱም ይወድቃሉ ብዬ ትራሱን ከሥራቸው አስገባሁላቸው።