ቢጫ የተቀባችው ከተማ

ጦርነቱ ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ የሰላሙ ጉባኤ በዚያች የወደብ ከተማ በተቀመጠ በአርባኛው ቀን፣ ማክሰኞ ማለዳ፣ በካርታ ቤቱ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው፤ የካርታ ቤቱ አለቃ፣ የጉባኤው ሁለተኛ ጸሐፊ፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት አንጋፋ ቀለም ቀቢ፣ «ነጎድጓድ» የሚባለው ድንጋይ ፋቂ፣ እንዲሁም ከጦርነቱ ሸሽታ የመጣችና በሥራ ቤቱ «ድንቢጥ» የሚል ስም የወጣላት የሃያ ዓመት ወጣት። የጉባኤው መዝገብ ከአምስቱ የአለቃውንና የጸሐፊውን ስም ብቻ ጽፏል፤ የቀሩት ሦስቱ በዚያ ቀን እዚያ ቦታ እንዳልነበሩ ተቆጥረዋል።

ካርታ ቤቱ ከወደቡ በላይ በሚገኘው ዳገት ላይ የቆመ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነበር። አለቃው ካርታውን በቅባታም ቀለም በለሰለሰ ድንጋይ ላይ ይስላሉ፤ ድንጋዩ ወደ ማተሚያው ይገባል፤ የታተመው ወረቀት በገመድ ላይ ተሰቅሎ ሲደርቅ ሴቶቹ በብሩሽ ቀለም ይቀቡታል። ውሃ ሰማያዊ ነው፤ ተራራ ቡናማ ነው፤ ሰው የሰፈረበትና የሚታረስ ምድር አረንጓዴ ነው፤ ባለቤት የሌለው ባዶ መሬት ደግሞ ቢጫ ነው። ካርታው ጊዜ ሲያልፍበት ድንጋዩ ወደ ግቢው ይወርድና ነጎድጓድ በአሸዋና በውሃ ፍቆ ባዶ ያደርገዋል። የስንት ንጉሥ ድንበር በዚያ ሰው መዳፍ ሥር ጭቃ ሆኖ በቦዩ ፈስሷል።

ነጎድጓድ መባሉ በድምፁ ነው። ጆሮው ከድሮ ጀምሮ አይሰማም፤ ስለዚህ «እንደምን አደራችሁ» ሲል በመንገድ የሚያልፍ ፈረስ ይደነብራል። እትዬ «ይህ ሰውዬ ምስጢር ቢነግሩት ወደቡ ሁሉ ነው የሚሰማው» እያለች ትስቅበት ነበር። ድንቢጥ ግን ትወደው ነበር። የመጣች ጊዜ ክረምት ነበረ፤ ጣቶቿ በብርድ ደርቀው ብሩሽ መያዝ ሲያቅታቸው፣ ይህ ሰው ማንም ሳያዝዘው አንድ ጡብ በምድጃው ላይ አግሎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጠረጴዛዋ ሥር አስቀመጠላት። ከዚያ ወዲህ ብርድ በሆነ ቁጥር ጡቡ አይቀርም፤ እሷም «ጋሼ» እያለች በእጇ ምልክት ታመሰግነዋለች። እሷ አትናገር፣ እሱ አይሰማ፤ በዚህ ተግባብተው ሦስት ዓመት ኖሩ።

የማትናገረው የምትናገረው አጥታ አልነበረም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ አንድ ቀን ወንዝ ተሻግራ አክስቷ ዘንድ ዋለች፤ በተመለሰች ጊዜ አባት፣ እናትና ሁለት ወንድሞች ከአንድ ጣሪያ ሥር አልቀው ጠበቋት። ለማን ይነገራል? እትዬ አንድ ሁለት ጊዜ «ቤተሰብ አለሽ?» ብላ ብትጠይቃት «አክስት አለችኝ» ብላ ብሩሿን ውሃ ውስጥ ነክራለች። እውነት ነው፤ አክስቲቱ ከአገሯ ሸሽተው ከተረፉ አርባ አባወራ ጋር ከድንበር ማዶ በድንኳን ተቀምጣ «ጉባኤው ወደ ቤታችን ይመልሰናል» እያለች ትጠብቅ ነበር።

ሰኞ ዕለት ከጉባኤው ትእዛዝ መጣ። ታላቁ የሰላም ካርታ ከመታተሙ በፊት ለመልእክተኞቹ የሚታይ አሥራ ሁለት የሙከራ ቅጂ ይቀባ ተባለ። በውሉ መሠረት አረንጓዴው ወደ ነባር ሕዝቡ ይመለሳል፤ ቢጫው ለአሸናፊው ጦር ጡረተኞች ይከፋፈላል። ድንቢጥ ናሙናውን ፊቷ አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ቀባች። በአሥራ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ቢጫውን ስትስብ ብሩሿ አንድ ወንዝ ዘንድ ደረሰ፤ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ፣ የጫማ ቅርጽ ያላት ደሴት አቅፎ፣ እንደገና ይገናኛል። ስም አልተጻፈበትም። ስም ግን ለምኗ ነው? በዚያች ደሴት ላይ ዋና ተምራለች። ወንዙ በሚገናኝበት ላይ የአባቷ ወፍጮ ነበር፤ ቤታቸውም እሱ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ የእናቷን ቤት በገዛ እጇ ቢጫ ቀብታ፣ በአሥራ ሁለተኛው ነቃች።

ማክሰኞ ማለዳ ወረቀቱን ይዛ ወደ ግቢው ወረደች። አለቃውና ሁለተኛው ጸሐፊ የሰላሙ ካርታ የተሳለበትን ድንጋይ እየተመለከቱ ነበር።

«አለቃ፣» አለች፣ ከራሷ በቀር ለማንም በማይሰማ ድምፅ፤ «እዚህ ላይ ከተማ ጎድሏል።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «ይህቺ ማናት?»

«ቀለም ቀቢያችን ናት፣» አሉ አለቃው።

«ታዲያ ትቅባ!»

«ስድስት መቶ ቤት ነበረበት፣» አለች ድንቢጥ። «ገበያ ነበረው። ትምህርት ቤት ነበረው። ሰው…»

«አሁን አለበት?»

ድንቢጥ ወረቀቱን ወደ እሱ አስጠጋች።

«እኮ፣ አሁን ሰው አለበት ወይ ነው የምልሽ።»

«የለበትም፤ ምክንያቱም…»

«የጦር አዛዡም ዘገባ ‹ሰው አልባ› ነው የሚለው። ምኑ ነው ያጣላን?» ብሎ ጸሐፊው ጓንቱን አጠለቀ። የገደለ ሰው ዘገባ ሲጽፍ፣ የጻፈውንም ሌላው ተቀብሎ በቀለም ሲያስቀባ፣ ይህ ነው እንግዲህ ሰላም የተባለው!

አለቃው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ግን ነበሩ። ጢማቸውን እያሻሹ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ እኔ ካርታ ሠሪ እንጂ ዳኛ አይደለሁም። የዚህ ቤት ማኅተም ከአያቴ ጀምሮ አንድ ሥርዓት አለው፤ በእግሩ ረግጦት ያየ ሰው፣ ሁለት ሆኖ ከማለበት ቦታው ይሳላል፤ አንድ ብቻውን ከሆነ አይሳልም። ጉባኤውም ውሉን የተዋዋለው በዚህ ሥርዓት ነው። አንቺ አንድ ነሽ።»

«አክስቴ አለች።»

«የት?»

«የአሥራ አንድ ቀን መንገድ ነው።»

«ድንጋዩ ከቀትር በኋላ ወደ ማተሚያው ይገባል፣» አለ ጸሐፊው። «አክስትሽን ሰላም በያት።»

በዚህ ጊዜ ነጎድጓድ የግቢው ጥግ ላይ ድንጋይ ይፍቅ ነበር። ሰዎቹ ተሰብስበው አንድ ወረቀት ሲያዩ አይቶ እጁን በሽርጡ እየጠረገ መጣ፤ እሱ ወደ ሥራ ቤቱ ወጥቶ የታተመ ካርታ አያይም ነበርና በትከሻቸው ላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። ከዚያ ግቢውን በሚያናጋው ድምፁ፦

«ወፍጮ ቤቱን የት ጣላችሁት?» አለ።

ሁሉም ዞሩ።

«እዚህ ጋ፣ መገናኛው ላይ! ወፍጮ ነበረ። ከወፍጮው በላይ ገበያ፣ ከገበያው በላይ ባለ ፎቅ ትምህርት ቤት። ከኮረብታው እስከ ወፍጮው አንድ ሺህ ሁለት መቶ እርምጃ ነው፤ አንዲት አትጎድልም!»

እትዬ ወደ ጆሮው ተጠግታ ጮኸች፦ «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? መድፈኛ ነበርኩ እኮ! የመድፉን ልኬት የጀመርኩት ከወፍጮው ነበር፤ እሱን መትቼ ነው ወደ ሌላው ያለፍኩት። ጆሮዬንም እዚያው ነው ጥዬው የመጣሁት። በማግስቱ ወርደን ገባን፤ የሚቀበር እንጂ የሚማረክ አላገኘንም።»

የተናገረው እንደ ባለሙያ ነበር፤ ግንበኛ ስለ ሠራው ግንብ፣ አናጺ ስለ በሩ እንደሚናገር። የሰዎቹን ፊት ሲያይ ግን ግራ ገባው። «ምን አጠፋሁ?» አለ። እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ድንቢጥ ባለችበት ቆማ ቀረች። ጡቡን አሰበች። በሦስት ክረምት ስንት ቀን እግሯን በዚያ ሰው ሙቀት ላይ አሳርፋ እንደዋለች አሰበች። እትዬ ክንዷን ይዛ «ነይ ልጄ፣ እንግባ» አለቻት።

ጸሐፊው ፈገግ አለ። «ሁለተኛ ምስክርሽ ይኸውልሽ» አለ። «ከፈለግሽው ለምኚው።» እንደማትለምነው እርግጠኛ ነበር። ማንስ ይለምናል? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይኸው የወጋው ልኬቱን ሳይረሳ እስከ እርምጃው ይዞ ተገኘ፤ የተወጋችው ደግሞ ከእሱ አፍ በቀር መዳኛ አጣች። በድንኳን ያሉት አርባ አባወራ ዕድላቸው በዚያ አፍ ላይ ነበር።

ድንቢጥ ክንዷን ከእትዬ እጅ አስለቀቀች።

«አንተ!» አለች።

አልሰማም። እስከዚያ ቀን ከ«ጋሼ» በቀር ብላው አታውቅም፤ «እርስዎ» ሳትል ውሃ እንኳ ሰጥታው አታውቅም።

«አንተ መድፈኛ!»

አሁን ዞረ፤ እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። «እ? ምን አልሽ?»

«የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነኝ!»

«ምን? ጮክ በይ!»

«የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነኝ! አባቴ እዚያ ነበር! እናቴ እዚያ ነበረች! ወንድሞቼ እዚያ ነበሩ፤ ትልቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ ትንሹ አምስት! ሰማኸኝ? አምስት!»

በፎቁ ላይ ማተሚያው ቆመ። መስኮቶች ተከፈቱ። ሦስት ዓመት ሙሉ «ድምፅ የላትም» ሲሏት የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን አወጡ። ሰውዬው በሚፍቀው ድንጋይ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያም ማንም ሰምቶት በማያውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ «አላወቅሁም» አለ።

«ያላወቅኸውን አልጠየቅሁህም!» ብላ ጮኸች። «ያወቅኸውን ማልልኝ!»

ጸሐፊው ነገሩ መበላሸቱን አሁን አየ። ፈጠን ብሎ ወደ መድፈኛው ቀረበና እየቃኘ በሹክሹክታ አንድ ነገር ነገረው።

«አልሰማም!» አለ ነጎድጓድ፤ ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

ጸሐፊው ጥቂት ከፍ አድርጎ ደገመ።

«ጮክ በል እንጂ ሰውዬ! ጆሮ የለኝም!»

ጸሐፊው ቀና ብሎ መስኮቶቹን አየ። በእያንዳንዱ መስኮት ሁለት ሦስት ሰው ተደርድሯል። ፊቱ ቀልቶ፣ እንደ ምንም ጨክኖ ጮኸ፦ «አንተም የዚያ ጦር ጡረተኛ ነህ! ከቢጫው መሬት ድርሻ አለህ ነው የምልህ!»

ከዚያ እትዬ «ወይ ጉድ!» አለች፤ «ለካስ ባዶ መሬት ባለቤቱ ቀድሞ ይታወቃል!» ከላይ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የሚያስደስት አልነበረም።

ነጎድጓድ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የድርሻ ማመልከቻው ነበር፤ ዓመት ሙሉ ተሸክሞት ኖሯል። ለጸሐፊው ሰጠው። «እዚያ ቤት ብሠራ» አለ፣ «መሠረት ስቆፍር ማንን እንደማገኝ አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ አለቃው ሄዶ ቀኝ እጁን በካርታው ድንጋይ ላይ አኖረና ማለ፤ ከተማ እንደነበረ፣ እንደረገጠው፣ ሕዝብ እንደነበረበት፣ ሕዝቡንም እነማን እንዳጠፉት ማለ። ድንቢጥም ከጎኑ ቆማ እጇን አኖረች። በሁለቱ እጆች መካከል አንድ ስንዝር ያህል ነበር።

አለቃው ጸሐፊውን አላዩትም። ብዕራቸውን ነክረው ከተማዋን በመገናኛው ላይ ሳሏት። ጸሐፊው ሊያስቀር ያልቻለውን ማሳነስ አላቃተውም፤ «ከተማ» የሚለው «መንደር» ተብሎ እንዲጻፍ፣ ከመሐላው ቃል ላይ ደግሞ ሕዝቡን ማን እንዳጠፋው የሚናገረው ተሰርዞ «ነባር መንደር መሆኑ ተረጋግጧል» ብቻ እንዲባል አደረገ። አለቃው በዚህ ተስማምተው ማኅተሙን መቱ። ድፍረታቸው እስከዚያ ድረስ ነበር።

ነጎድጓድ ወደ ድንቢጥ ዞሮ «ልጄ፣ ይቅር…» ብሎ ጀመረ።

«ምስክርነትህን ተቀብያለሁ፣» አለች፣ እሱ እንዲሰማት ጮክ ብላ። «ሌላ ጉዳይ የለንም።»

በኋላ የጉባኤው ታሪክ በወፍራም መጽሐፍ ተጻፈ። በመቶ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ «በካርታው ላይ የነበሩ ጥቃቅን ግድፈቶች በጉባኤው ትጋትና በሁለተኛው ጸሐፊ ጥንቃቄ ታርመዋል» ይላል። ስድስት መቶ ቤት ጥቃቅን ግድፈት ተባለ፤ ሊያጠፋው የደከመው ሰው አራሚው ተባለ። ታሪክ ያስታወሰው ይህን ነው። ካርታውም በየቤተ መንግሥቱ ተሰቀለ፤ ያችን አረንጓዴ ነጥብ ማን እንዳኖራት የጠየቀ ሰው አልተገኘም።

በዓመቱ ከአርባው አባወራ ሠላሳ አንዱ ተመለሰ፤ ዘጠኙ በድንኳን ሳለ አልቆ ነበር። አክስቲቱ በወፍጮው ፍርስራሽ አጠገብ ቤት ሠራች። ድንቢጥ አልተመለሰችም። ከመሐላው ማግስት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ሥራ ገብታ አሥራ ሁለቱን ቅጂ ያን ቦታ አረንጓዴ አድርጋ እንደ አዲስ ቀባች። ብርዱ ሲመጣ ጡቡ እንደወትሮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛዋ ሥር ተገኘ፤ አላስወጣችውም፣ እግሯንም አላሳረፈችበትም። ሰውዬውን ዳግመኛ «ጋሼ» ብላ አልጠራችውም።