ያልታጠበችው ነጠላ

ምስለኔ አበባው የሟቹን እጅ አንስቶ አየና መልሶ በደረቱ ላይ አሳረፈው። ከጥፍሮቹ ሥር አፈር ገብቷል፤ ሰውዬው ሕመሙ ሲጠናበት ወለሉን ቧጥጧል። በከንፈሩ ጥግ ነጭ አረፋ ደርቆ ቀርቷል።

«መቼ ሞተ?»

«ትናንት ሐሙስ፣ በዘጠኝ ሰዓት ግድም» አሉ የነፍስ አባቱ ቄስ ወልደተንሣኤ። «ጧት እንደ ወጉ ኮሶውን ጠጣ። ሲያቃትት ቤተሰቡ የኮሶ ቁርጠት ነው ብሎ ዝም አለ። በኋላ ደም አስመለሰው። እኔን ሲጠሩኝ እጁ ቀዝቅዞ ነበር።»

ጊዜው ኅዳር ነው፤ ፲፰፻፸፯ ዓመተ ምሕረት። ሟቹ ገብረአማኑኤል በአንኮበር የታወቀ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። በአገሩ ደሃውም ጌታውም በየሁለት ወሩ የሆዱን ትል ለማውረድ ኮሶ ይጠጣል፤ መንገድ ሊሄድ የተነሣ ሰውማ ሳይጠጣ ከቤቱ አይወጣም። የኮሶ ቀን ደጅ ይዘጋል፤ እንግዳ አይገባም። ስለዚህ አበባው ማንንም ሳይጠይቅ አንድ ነገር አወቀ። ገዳዩ ከውጭ አልመጣም።

ወደ ግቢው ሲወጣ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አጥሩን አልፎ ይገባ ነበር። ደጃፉ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመው ይጠብቁታል። አንዱ የሟቹ ታናሽ ወንድም ታመነ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የጎረነነ። ሌላዋ የሟቹ ልጅ በሰለች ናት። ከሳሽና ተከሳሽ ስለሆኑ እንደ አገሩ ሕግ ቁራኛ ታስረዋል፤ የኩታው ጫፍና የነጠላዋ ጫፍ በአንድ ቋጠሮ ተቋጥሯል። ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ እሱ በሄደበት ትሄዳለች፤ እሷ በተቀመጠችበት ይቀመጣል።

አበባው ቋጠሮውን ቆም ብሎ አየው። ከአንድ ወገን የመጣው ጨርቅ እንደ ወተት ነጭ ነው። ከሌላው ወገን የመጣው ጥቀርሻና የወፍጮ ብናኝ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል።

«ጌታዬ፣ ገዳዪቱ ይችውልዎ!» አለ ታመነ። «ኮሶውን የፈጨች እሷ፣ የበጠበጠች እሷ፣ በየዋንጫው የቀዳች እሷ! ፀሐይ ሳትጠልቅ ትሰጠኝ። እኔ ደመኛ ነኝ።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

በሰለች ቀና አለች። ዓይኗ አብጧል። «አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ሰማችሁ!» አለ ታመነ ለለቅሶ ወደ ተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ዞሮ።

«በምን ገደልሽው?»

አፏን ልትከፍት ስትል አጠገቧ የቆመውን አጎቷን አየችና ዝም አለች። አበባው አላስገደዳትም። ቁራኛ አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ተከሳሹ የሚናገረውን ቃል ሁሉ ከሳሹ ከጎኑ ሆኖ ይሰማዋል።

ባሏ ከሠራዊቱ ጋር ወደ ሩቅ አገር ከዘመተ ሦስት ወሩ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ በአባቷ ቤት መኖሯን ቄሱ ቀስ ብለው ነገሩት።

የሟቹ ሚስት ይመኙሻል በጓዳው ተቀምጣ ነበር። ገብረአማኑኤል የመጀመሪያ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ያገባት ናት፤ ከእንጀራ ልጇ በሰለች በሁለት ዓመት ብቻ ትበልጣለች። ከጎኗ ባለው ስልቻ ላይ የታጠበ ነጠላ ታጥፎ ተቀምጧል።

«የመንገድ ልብሴ ነው» አለች አበባው ሲያየው። «የእሳቸው ኩታማ መገነዣ ሆነ። ታመነ ረቡዕ ዕለት ወንዝ ወርዶ አጥቦልን ነበር።»

«የትኛው መንገድ?»

«እሱን እኮ ነው የማናውቀው!» አለች፤ እንባዋ ላይ ቁጣ ጨመረችበት። «ሁለት መንገድ አስበው ነበር። አጭሩ ደብረ ሊባኖስ ነው፤ ደርሶ መልስ ሁለት ሳምንት፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይሄዳል። ረጅሙ ኢየሩሳሌም ነው፤ ወደ ቆላ ተወርዶ፣ በረሃውን ተሻግሮ፣ ከዚያ በመርከብ። ከዓመት በላይ ነው። በመርከቡ ላይ የያዙት የሦስት ሰው ቦታ ብቻ ነው። የቱን እንደመረጡ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እነግራችኋለሁ አሉ።»

«አንቺስ የቱን ፈለግሽ?»

«ረጅሙን ነዋ! አጭሩን ማን አይሄድም?» ትንሽ አሰበችና «ባሕሩን ግን እፈራው ነበር» አለች። «‹ሰው ውሃ ላይ ለወር ምን ይሠራል?› ብዬ ብጠይቃቸው ‹ይቀመጣል› አሉኝ።»

«ሦስተኛው ሰው ማን ነበር?»

ይመኙሻል ከንፈሯን ነከሰች። «እሷ። ሰኞ ዕለት ጨቅጭቄ አወጣሁት። ‹ረጅሙ ከሆነ እኔ፣ አንቺና በሰለች› አሉኝ። በመርከብ ላይ እንኳ ከእሷ ጋር ልካፈላቸው! ለታመነ ነገርኩት። አሥራ አምስት ዓመት በቅሎ ሲያግድላቸው፣ ልብሳቸውን በእግሩ እየረገጠ ሲያጥብላቸው ኖሮ እሱ ይቅር?»

«ሐሙስ ጧት እንዴት ነበር?»

«አባትና ልጅ እልፍኝ ገቡ፤ እኔ የራሴን ጠጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በሰለች ከልጅነቷ ጀምሮ ኮሶ ትደፋለች፤ እንዳትደፋ ጠብቂ ብሎኝ ነበር ታመነ። ሁለቱም ዋንጫ ባዶ ሆኖ ወጣ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሆዴን ይዤ ስንከባለል፣ እሷ ግን ምን ይዟት! በቀትር እንስራ አዝላ ከምንጭ ውሃ ቀድታ መጣች። የሰው ሁሉ ሐሳብ ደግሞ እሷ ላይ ነው። ታመነ ራሱ ኮሶው እያንቀጠቀጠው ሦስት ጊዜ መጥቶ ‹በሰለች እንዴት ናት?› ብሎ ጠየቀኝ። ወንድሙ እየሞተ!»

አበባው ከዚህ በኋላ አልጠየቃትም። አራቱ የቀንድ ዋንጫዎች በጓዳው ጥግ በተርታ ተደፍተው አገኛቸው፤ በለቅሶው ግርግር ያጠባቸው የለም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ዋንጫ አለው፤ ኮሶው ረቡዕ ማታ ተቀድቶ ሲዘፈዘፍ አድሯል። አንድ በአንድ አሸተታቸው። ከዚያ ወጥቶ በደጃፉ ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀመጠ።

የራሱ ታላቅ ወንድም ከአሥር ዓመት በፊት ኢየሩሳሌም ተሳልሞ ተመልሷል። ዛሬም በገበያ ሲያልፍ ሰው እጁን ይስማል። አበባው ግን የሚያስታውሰው የመነሻውን ንጋት ነው። ማንም ሳያየው የወንድሙን በቅሎ ፈትቶ ወደ ጫካ ነዳት። ሊጎዳው አይደለም፤ አንድ ቀን እንዲቀር ብቻ ነበር። በቅሎዋ በረፋዱ ተገኘች፤ ወንድሙም እሱን ስሞ ሄደ። በቅሎዋን የፈታበትን እጁን አሁን ጭኑ ላይ አድርጎ አየው።

ቀብሩ እንዳለቀ በዘጠኝ ሰዓት አገሩ ወንጀለኛውን ለማውጣት፣ ለአውጫጭኝ በወይራው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ። ታመነና በሰለች በመካከል ቆሙ። ፀሐይ ወደ ተራራው ልትጠጋ ነው።

«ፍርድ ይሰጠኝ!» አለ ታመነ። «ራሷ አምናለች።»

«ትዕግሥት» አለ አበባው። በአንድ ቅል ውሃ አስመጥቶ አራቱን ዋንጫዎች በድንጋይ ላይ ደረደረ። «መጀመሪያ የታመነን።» ጥቂት ውሃ ጨመረበትና በእንጨት በፍጥነት በጠበጠው። የኮሶ አተላ ብቻ ተነሣ። «የይመኙሻል።» እሱም እንዲሁ። «የሟቹ።» እሱም እንዲሁ። «የበሰለች።»

የበሰለች ዋንጫ አረፋ ማውጣት ጀመረ። አረፋው ነጭ ሆኖ ከአፉ ሞልቶ ወደ ድንጋዩ ፈሰሰ።

«እንዶድ!» አለች ጎረቤታቸው ወለተሐና። «ይህ እኮ የልብስ ማጠቢያው እንዶድ ነው! በኮሶ ላይ እንዶድ? አንጀት ይበጥሳል!»

«ይኸው!» ጮኸ ታመነ። «በእሷ ዋንጫ ተገኘ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?»

«እንግዲህ ከዚህ እንጀምር» አለ አበባው። «የሟቹ ዋንጫ ንጹሕ ነው። እንዶዱ ያለው በበሰለች ዋንጫ ነው። አባቷን ልትገድል የፈለገች ሴት መርዙን በገዛ ዋንጫዋ ታደርጋለች? መርዙ ለእሷ የተዘጋጀ ነው። ገብረአማኑኤል የሞተው የልጁን ዋንጫ ስለጠጣ ነው።»

ሸንጎው ተንጫጫ። ይመኙሻል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ለምን ይጠጣላታል?»

«አንቺ ነግረሽኛል። ኮሶ የጠጣ ሰው በቀትር እንስራ አያዝልም። ስለዚህ በሰለች አልጠጣችም። ኮሶ የማይጠጣ ጎልማሳ ሰው ማን ነው? እናቶች ይንገሩን።»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወለተሐና እጇን በአፏ ላይ አደረገች። «ያረገዘች! ኮሶ ፅንስ ያስወርዳል! በሰለች፣ ልጄ፣ እውነት ነው?»

በሰለች አንገቷን ደፍታ እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «የባሌ ነው፤ ሦስት ወር ሆነኝ። እርጉዝ በረሃና ባሕር አትሻገርም። ‹ረጅሙ መንገድ በእሷ ምክንያት ቀረ› እንዳትሉኝ ፈራሁ። ረቡዕ ማታ ለአባቴ ብቻ ነገርኩት። ‹እሑድ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳይጠረጥሩሽ ያንቺንም እኔ እጠጣዋለሁ› አለኝ። ይመኙሻል ደጃፉ ላይ ስለነበረች መድፊያ አልነበረንም። ዓይኑን ጨፍኖ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ሁለት ዋንጫ በዛበትና ሞተ ብዬ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ እንዶዱን ማን ጨመረው?» አለ አንድ ሽማግሌ። «እንዶድ የሌለበት ቤት የለም።»

«ልክ ነው፤ እንዶድ ማንንም አያስይዝም። ነጠላ ግን ያስይዛል» አለ አበባው። ወደ ቁራኞቹ ሄዶ ቋጠሮውን በሁለት ጣቱ ከፍ አደረገው። «እዩት። ልብስ ማጠብ የወንድ ሥራ ነው፤ በዚህ ቤትም ሥራው የታመነ ነው። ረቡዕ ዕለት ለመንገድ አጠበ። የወንድሙ ኩታ ታጥቧል፤ ለብሶት ተቀብሯል። የይመኙሻል ነጠላ ታጥቦ ስልቻ ላይ ነው። የራሱ ኩታ ይኸው እንደ ወተት ነጥቷል። የበሰለች ግን ይህን ይመስላል።»

«ረስቼው ነው!» አለ ታመነ።

«አልረሱትም» አለች በሰለች በቀስታ። «አምጥቼ ሰጠሁዎት። መልሰው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ‹ይደርሳል› አሉኝ።»

አበባው ወደ ሸንጎው ዞረ። «አስቡት። ረቡዕ ዕለት የትኛው መንገድ እንደተመረጠ የሚያውቅ አልነበረም። አጭሩ ከሆነ ሁሉም ይሄዳል፤ በሰለችም ትሄዳለች። ረጅሙ ከሆነ ሦስተኛዋ እሷ ናት፤ ትሄዳለች። በየትኛውም መንገድ ልብሷ መታጠብ ነበረበት። በየትኛውም መንገድ እንደማትሄድ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የራሱን አጥቦ የእሷን የተወው። ሦስተኛው ቦታ ለእሱ እንዲተርፍ ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ወንድሙ እያቃሰተ ሦስት ጊዜ የጠየቀው ስለ እሷ ነበር። እሷ መውደቅ ሲገባት በእግሯ ቆማ አያት።»

«ይመኙሻልስ?» አለ ሽማግሌው። «እሷም ትቀናባት ነበር።»

«ትቀናለች። ግን መርዝ ያጠጣቻትን ሴት በቀትር ውሃ ስትቀዳ ብታይ ትደነግጣለች እንጂ ለእኔ በቁጣ አታወራልኝም። ወሬውን የሰጠችኝ ትርጉሙን ስላላወቀች ነው።»

ይመኙሻል ፊቷን ሸፈነች።

ታመነ ሊሸሽ አንድ እርምጃ ተራመደ። ቋጠሮው ያዘው፤ በሰለችም አብራ ተንገዳገደች። ያኔ ተመልሶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ልገድላት አልነበረም» አለ። «በእግዚአብሔር ስም፣ እንድትቀር ብቻ ነበር! አንድ ወር እንድትተኛ። አሥራ አምስት ዓመት በቅሎውን ሳብኩለት። አንድ ጊዜ እንኳ ‹ና ከጎኔ ተቀመጥ› አላለኝም።»

አበባው ስለ በቅሎዋና ስለዚያ ንጋት አሰበ። የመለሰችው በሰለች ናት።

«ጋሼ ታመነ» አለች። «ረቡዕ ማታ ስነግረው አባቴ ምን አለ መሰለዎት? ‹እንግዲያው ባሕሩ ይቆየን፤ አጭሩን እንሄዳለን› አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሳቀና ‹እሑድ ሲሰማ የሚደሰተው ታመነ ነው። ዘንድሮ በቅሎ አይስብልኝም፤ ከጎኔ ይቀመጣል› አለኝ።»

ከአበባው ጋር ከመጡት ወታደሮች አንዱ ወደ ቁራኞቹ ተጠጋ።

«ቋጠሮው ይፈታ?» ሲል ጠየቀ።

«አይፈታም» አለ አበባው። «እሷን ልቀቋት። እሱ እንደታሰረ ይቆይ፤ ጫፉን አንተ ያዝ።»

በሰለች ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ አውልቃ በቋጠሮው ላይ ተወችው፤ ባዶ ትከሻዋን ይዛ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ይመኙሻል የራሷን ነጠላ ከፍታ ግማሹን አለበሰቻት።

ታመነ መሬት ላይ ተቀምጦ በእጁ የቀረውን ግራጫ ጨርቅ አገላበጠ። ጥቀርሻውን በአውራ ጣቱ ፈተገው፤ አልለቀቀም።

«አጥባት ነበር እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን። «ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ የማጥብላት።»