ያላላበው ፕላስቲክ

«ፅዳቷ ያጠበችው ወለል ነው የገደላቸው» ይላል ፎርማኑ። ለዘበኛው ነገረው፣ ለፖሊሱ ነገረው፣ ማንም ሳይጠይቀው ለመጣው ሁሉ ደጋገመው። መርማሪዋ የአዳራሹን ደፍ ስትረግጥ ወሬው ቀድሟት ደርሷል፤ ፅዳቷም ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ እስር ቤት ለመሄድ የተሰናዳች መስላ ተቀምጣለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ሲያሟትም ሲያደንቋትም።

አዳራሹ የማተሚያ ቤት የወረቀት መጋዘን ነው። የተሰነጣጠቀው የኮንክሪት ወለል በፎርማኑ እጅ ተጠግኖ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጣውላ ሊለብስ ነበር። መሃሉ ላይ ሽማግሌው በውሃ ተከበው በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ጭንቅላታቸውን የምሰሶው የብረት ጠርዝ መትቷቸዋል። ሥራቸው የወለል እርጥበት መፈተሽ ስለነበር የሚያውቃቸው ሁሉ «ጋሽ እርጥበት» ይላቸው ነበር። የፎርማኑ አማት ናቸው።

መርፌ አስከሬኑን ስታስነሳ ጎንበስ ብላ ቆየች። የኮታቸው ጀርባ ደረቅ ነው፤ ከጀርባቸው ሥር ያለው ኮንክሪትም እንደነጣ ነው፣ ውሃው ዳር ዳሩን ብቻ ነክቶታል።

«እትዬ፣ ዛሬ ወለሉን አጥበዋል?»

«ምን በወጣኝ» አለች ፅዳቷ። «ጋሼ ‹ፕላስቲኮቼ እስኪነሱ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው› ብለውኛል። ለምን እንደሆነ እሳቸው ያውቃሉ።»

ፕላስቲኮቹ ሦስት ናቸው፤ አራቱም ጠርዛቸው በፕላስተር ወለሉ ላይ ተለጥፏል። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አስረዳት፦ ከታች እርጥበት ካለ በአንድ ቀን ውስጥ ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ያልበዋል። ትናንት ሽማግሌው ሲለጥፉ አጠገባቸው ነበር። «ተንበርክከው ወለሉን እንደ ጥርስ ሲቦርሹ ስቄባቸዋለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሦስቱም ፕላስቲኮች ደረቅ ናቸው።

«አየሽ፣ እህቴ?» አለ ፎርማኑ። «ወለሌ ክው ብሎ ደርቋል። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር። ይቺ ሴትዮ ውሃዋን ባትደፋ ኖሮ…»

መርፌ የአንዱን ፕላስተር ጫፍ በጥፍሯ ነካ አደረገችው። ያለ ትግል ተነሳላት፤ ሙጫው ግራጫ አቧራ ጠጥቷል። ከሟቹ ቦርሳ ጠጉሩ ያለቀ ብሩሽ አውጥታ ከሦስቱ ፕላስቲኮች ጎን ጎን ወለሉን ቦረሸችና አዲስ ፕላስቲክ ለጠፈች፤ በሩንም ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ባለቤቱ ጣውላው መኪና ላይ እየጠበቀ መሆኑን ሲያጉረመርም «ይጠብቅ፤ ሟቹም እየጠበቁ ነው» አለችው።

በማግስቱ፣ በዚያው ሰዓት፣ ፎርማኑን፣ ባለቤቱንና ፅዳቷን ሰብስባ በሩን ከፈተች። አዲሶቹ ፕላስቲኮች በላብ ተጠምቀዋል። በግድግዳው በኩል ያለውማ ሲነኩት ይንጠባጠባል።

«ሽማግሌው ከወደቁ በኋላ ነው ውሃው የተደፋው፤ ጀርባቸው ደረቅ ነበርና። ስለዚህ እትዬ ነጻ ናቸው። ይህ ወለል ትናንትም እርጥብ ነበር፤ ፕላስቲኮቹ ግን ደርቀው ተገኙ። አንድ ሰው አንስቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ለጥፏቸዋል፤ ሳይቦርሽ፣ አቧራው ላይ። ባለቤቱ እርጥበቱን ቢደብቅ የሚሻግተው የራሱ ወረቀት ነው። እትዬ ፕላስቲኩ ለምን እንደተለጠፈ እንኳ አያውቁም።» ወደ ፎርማኑ ዞረች። «ሙያውን ያስተማሩህ እሳቸው ናቸው። ብሩሿን እንዴት ረሳሃት?»

ፎርማኑ ጎንበስ ብሎ ያላበውን ፕላስቲክ በጣቱ ጠረገው።

«የፊተኛው ወለሌም ረጥቦ ፈርሷል። ይህም ከፈረሰ ማን ደግሞ ሥራ ይሰጠኛል? ፕላስቲኩ ሥር ጠብታዋን አይተው ‹ጣውላው አይለብስም› አሉ። ለልጅዎ ይዘኑላት ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ገፋኋቸው።»

«ለልጃቸው አሁን አንተ አዘንክላት» አለች መርፌ።

ፅዳቷ ነጠላዋን አንስታ፣ ማንንም ሳታመሰግን ወጣች።

በሳምንቱ መርፌ መጋዘኑን ለባለቤቱ ልታስረክብ ስትመጣ ባለቤቱ ያስመጣው የቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳውን ከግርጌው ሰብሮ አገኘችው። ውስጡ የዛገ የውሃ ቧንቧ ከጎኑ ተሰንጥቆ ወለሉ ሥር ውሃ ይተፋል፤ ዝገቱ የዓመታት ነው። ሰውየው እጁን እየጠረገ በተጠገነው ወለል ላይ ተራመደ፤ በመዶሻው ኳ ኳ አደረገና ጆሮውን ጣለ።

«ጥፋቱ የቧንቧው ነው» አለ። «ጥገናው እንከን የለውም። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም፤ የማን እጅ ነው?»